ከረጢቱን ማን ይቀይርላችኋል?

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአረጋውያን የቅዳሜ መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ዛሬ የምናገረው ለእናንተም ነው። እንዲያውም ከሁሉ በላይ ለእናንተ ነው።

መስቀልን ካከበርን ሳምንቱ ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉ የእኛ ያልሆነ እህት ወንድሞችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ቀን ነው። በፈረንጆቹ የኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ የዓለም የኦስቶሚ ቀን ተብሎ ይታሰባል። ኦስቶሚ ምንድን ነው? ሐኪም ሆድ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ሰገራ ወይም ሽንት በዚያ በኩል ወጥቶ ሆድ ላይ ወደተለጠፈ ከረጢት እንዲወርድ ሲያደርግ ነው። አንዱ በካንሰር ምክንያት ይሠራለታል፤ ሌላው በአንጀት መዘጋት፣ ሌላው በአደጋ።

እኔ 73 ዓመቴ ነው። ካንሰር ይዞኝ ፊንጢጣዬ ተቆርጦ ወጣ። ከረጢት ካደረግሁ 17 ዓመት ሆነኝ። አሁን በዚች ደቂቃ፣ በዚህ ቀሚስ ስር፣ በግራ በኩል ሆዴ ላይ አለ።

አያችሁ? አዳራሹ ጸጥ አለ።

እነዚህን 17 ዓመታት ከእናንተ ጋር ቡና ጠጥቻለሁ። ሠርግ ላይ ጨፍሬያለሁ። ለቅሶ ደርሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጣችሁ አላወቃችሁም። ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘና ተናገርሽ ትሉኝ ይሆናል። የተገኘው እጄ ነው። እጄ ደከመ። ጣቶቼ በሪህ ተጣመሙ። መቀስ መያዝ አቃተኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። 17 ዓመት ሙሉ ስደብቅ፣ ለካ ሊረዳኝ ከሚችለው ሰው ሁሉ ነው የደበቅሁት!

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ሰውነት ሲያረጅ የሚመጣው ለውጥ ነው። ሁለተኛው ምግብ፣ ውሃና መድኃኒት። ሦስተኛው ማን ይረዳናል የሚለው ነው። የመጣሁት ለሦስተኛው ነው፤ እዚያ እስክንደርስ ታገሡኝ።

አንደኛው። ከሆድ ብቅ የሚለው ሥጋ ስቶማ ይባላል። ቀይና እርጥብ ነው። የጉንጫችሁን የውስጥ በኩል አስቡት፤ እንደዚያ ነው። ሕመም አይሰማውም። ስትጠርጉት ትንሽ ደም ቢነካካ አትደንግጡ። ከጠቆረ ግን፣ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ካመጣ፣ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ስድስት፣ ስምንት ሳምንታት ስቶማው እየተኮማተረ ይሄዳል። ከዚያ ይረጋል። እኔም አንዴ ለካሁት፣ አለቀ ብዬ ነበር። ሰውነት ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ወፍራም ነበርኩ፤ ከሳሁ። ሆዴ ላይ እጥፋት ወጣ። ስቆም የሌለው እጥፋት ስቀመጥ ይመጣል። ከረጢቱን የሚይዘው ማጣበቂያ ልሙጥ ቆዳ ይፈልጋል። እጥፋት ካገኘ በዚያ በኩል ይሾልካል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የአንዲት ጓደኛዬ ባለቤት አርፎ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ከረጢቱ ስር ያሳክከኛል። ማሳከክ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ይህን አውቃለሁ። መታጠቢያ ቤት ገባሁና ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጠፍኩት። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሁንም ያሳክከኛል። እንደገና ገባሁ፤ ሌላ ፕላስተር ደረብኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስገልጠው ቆዳዬ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሏል። ሰገራው ከፕላስተሩ ስር ታፍኖ ሲያቃጥለኝ ነው የዋለው። እስኪድን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ተነስቼ ብሄድ ማን ይቀየመኝ ነበር? ማንም። ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ከረጢት ብይዝ ምን ይከብደኝ ነበር? ምንም።

ስለዚህ አደራ። ካሳከካችሁ ቀይሩ። ካቃጠላችሁ ቀይሩ። ከሾለከ ቀይሩ። በፕላስተር አትደብቁት።

ከዚያ በኋላ የስቶማ ነርስ ዘንድ ሄድኩ። አዎ፣ ለዚህ ብቻ የሠለጠኑ ነርሶች አሉ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ተኝቼ አየችኝ። ተቀምጬ አየችኝ። ቆሜ አየችኝ። ሲቀመጡ የሚመጣውን እጥፋት እስከዚያ ድረስ ማንም አላየልኝም ነበር። እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ቀለበት ሰጠችኝ፤ እጥፋቱን ይሞላል። ማጣበቂያውንም ወደ ውስጥ ጎበጥ ባለው ቀየረችልኝ። ያው ነው፤ መሹለኩ ቆመ። በየዓመቱ አንዴ እንደ ጥርስና እንደ ዓይን አስመርምሩት። ስትከሱ ወይም ስትወፍሩ ደግሞ ዓመቱን አትጠብቁ።

እኔ የምቀይረው ማለዳ ነው፤ ቡና ሳልቀምስ፣ አንጀቴ ገና ሳይነቃ። ወደ ሦስት፣ አራት ቀን ያስኬደኛል። መጀመሪያ አዲሱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እደረድራለሁ። አሮጌውን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብዬ እላቅቃለሁ። በአንድ እጄ ማጣበቂያውን እስባለሁ፤ በሌላው ቆዳዬን እይዛለሁ። ያረጀ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ከሳቡት ይላጣል። ማላቀቂያ ፈሳሽ አለ፤ ጠይቁ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ። ቅባት የለም። ቫዝሊን የለም። ቅባት ያለው ሳሙና፣ የሕፃን መጥረጊያ፣ የለም። ቅባት የነካው ቆዳ ማጣበቂያ አይዝም። በደንብ አደርቃለሁ። የማጣበቂያው ቀዳዳ ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ይሰፋል። ከዚያ በላይ ከሰፋ ቆዳው ይቃጠላል፤ ከጠበበ ስቶማው ይቆረጣል። ከለጠፍኩ በኋላ መዳፌን አሳርፌበት አንድ ደቂቃ እቆያለሁ። በሙቀት ነው የሚይዘው።

መቀስ አቃተኝ ብያችኋለሁ አይደል? ቀዳዳው አስቀድሞ የተቆረጠ እንዳለ ለካ አላውቅም ነበር። ልካችሁን ትነግሯቸዋላችሁ፤ ተቆርጦ ይመጣል። ማፍሰሻው በመቆንጠጫ የሚዘጋውም በጣት ተጠቅልሎ በሚጣበቅ ተቀይሯል። ዓይኔም ሞራ ጀምሮታል። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም መስታወትና ጥሩ መብራት ገዛሁ። ይኸው ነው። እኛ ግን «እጄ አልታዘዝ አለ» ብለን ቁጭ እንላለን። ለምን አንጠይቅም?

ከስቶማው ጎን እብጠት ያላችሁም ትኖራላችሁ። ሄርኒያ ነው፤ አንጀት በላላው የሆድ ጡንቻ በኩል ሲገፋ የሚመጣ። ብዙ ሰው ላይ ይወጣል። ከባድ አታንሱ። የሩዝ ከረጢት ከመኪና የሚያወርድ ልጅ ሞልቷል። የሚደግፍ ቀበቶ አለ። እብጠቱ ጠንክሮ ካመማችሁና ከረጢቱ ባዶ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሁለተኛው። እዚህ ላይ እንደ ስቶማችሁ ዓይነት ይለያያል። የእኔ ከትልቁ አንጀት ነው፤ ኮሎስቶሚ ይባላል። ከትንሹ አንጀት ከሆነ ኢሊዮስቶሚ ነው። የሽንቱ ዩሮስቶሚ ነው። የትኛው እንዳላችሁ የማታውቁ አላችሁ? እጅ አውጡ አልላችሁም። ግን ዛሬ ማታ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩ። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህን ነው።

ኢሊዮስቶሚ ያላችሁ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ውሃና ጨው መልሶ የሚመጥጠው ትልቁ አንጀት ነው። የእናንተ ምግብ በእሱ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ቶሎ ትደርቃላችሁ። ሰው ሲያረጅ ደግሞ ውሃ ጥሙ ይጠፋል። አፍ ሳይጠይቅ ሰውነት ይደርቃል። ሽንት ከጠቆረ፣ ስትነሱ ካዞራችሁ፣ ባት ከያዛችሁ፣ ደርቃችኋል። ያኔ ባዶ ውሃ ብቻ መጋት አይበቃም፤ እንዲያውም ሲበዛ የበለጠ ያስወጣል። ጨውና ስኳር ያስፈልገዋል። ኦአርኤስ የሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ልክ ነው፣ ከዚያ አታብዙ። የግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። የሚያሸና ኪኒን የምትወስዱማ ዛሬውኑ ደውሉ።

ቡና ተፈልቶ ቆሎና ፈንዲሻ ሲመጣ እጃችን ዝም አይልም። ትንሹ አንጀት ስቶማ ላይ ሲደርስ ጠባብ ነው። ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ፣ ያልላመ ቆሎ ይዘጋዋል። ጥርሳችን ደግሞ እንደ ድሮው አያላምጥም። የሚዘጋ ነገር ከበላችሁ፣ ለብዙ ሰዓት ከረጢቱ ምንም ካልወረደበት፣ ሆድ ከቆረጠና ካስመለሳችሁ ሐኪም ቤት እንጂ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይደለም! ኢሊዮስቶሚ ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይነካም።

ኪኒናችሁን ደግሞ ተመልከቱ። ኪኒኑ ሳይሟሟ ከረጢቱ ውስጥ ካያችሁት፣ አልሠራላችሁም ማለት ነው። ቀስ ብለው የሚለቁ ኪኒኖች ትንሹ አንጀት ላይ ጊዜ አያገኙም። ፋርማሲስቱን አነጋግሩ፤ በራሳችሁ ግን አትፍጩት።

እንደ እኔ ኮሎስቶሚ ያላችሁ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው። የሆድ ድርቀት ነው። በተለይ ከባድ የሕመም ማስታገሻ ስትጀምሩ አንጀት ይተኛል። ውሃ ጠጡ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ሽሮና ጎመን ነፋኝ ብላችሁ አትከልክሉ፤ ቀንሳችሁ ሞክሩ፣ ሆዳችሁ ይነግራችኋል። ከረጢቱ ሲሦ ወይም ግማሽ ሲሞላ አፍስሱ። እስኪሞላ የምንጠብቅ ሰዎች አለን፤ ሲከብድ በራሱ ክብደት ይላቀቃል።

ጾምስ? ቤተ ክርስቲያን መግባትስ? ትሉኝ ይሆናል። እኔ ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። ስንት ዓመት ፈርቼ! «ቤተ ክርስቲያን መግባት እችላለሁ ወይ» ብዬ ስጠይቃቸው እንባዬ ይወርድ ነበር። እሳቸው ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይህ ሕመም ነው እንጂ ነውር አይደለም። እስከ ዛሬ ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው?» አሉኝ። እናንተም ጠይቁ። ሙስሊም ወገኖቼም ስለ ውዱእና ስለ ሶላት ሼኮቻችሁን ጠይቁ፤ ሕመም ላለበት ሰው ሃይማኖታችሁ መንገድ አለው። ሳትጠይቁ ራሳችሁን ከአምላካችሁ ቤት አታባርሩ።

አሁን ሦስተኛው ላይ ደረስኩ።

እኔ እዚህ አገር ነርሲንግ ሆም በሚባለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ 22 ዓመት በረዳትነት ሠርቻለሁ። ስሙን አልናገርም። አንድ ሌሊት አዲስ የገቡ ሽማግሌ አሉ ተባልኩ፤ ያገሬ ሰው ናቸው። የመርሳት ሕመም ነበረባቸው። ማንንም አያስጠጉም። ጋቢያቸውን ሆዳቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘዋል። የቀን ሠራተኞቹ «ተቆጪ ናቸው» ብለው ጽፈዋል። ጠጋ ብዬ «አባባ፣ እንዴት አመሹ?» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «ጎንበስ በይ» አሉኝና በጆሮዬ «ልጆቼ እንዳይሰሙ» አሉ። ከዚያ ጋቢውን ለቀቁት።

ከረጢቱ ሊፈነዳ ደርሷል። ዙሪያው ቆስሏል። ቀኑን ሙሉ ገበናቸውን ሲጠብቁ ነው የዋሉት እንጂ ቁጣ አልነበረባቸውም። ልጆቻቸው ጠዋት ሲመጡ አባታቸው ከረጢት እንዳላቸው አያውቁም! ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ትልቁ ልጅ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ «ለምን አልነገረንም? ለምን?» ይላል። ምን ልበለው? ያን ጊዜ እኔም የራሴን ከረጢት ደብቄ ነበር የቆምኩት።

አስተውሉልኝ። እሳቸው ሲያረጁ እንዴት እንደሚቀየር ረሱ። እንዴት እንደሚደበቅ ግን አልረሱም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እጃችሁ ሳይደክም፣ ራሳችሁ ሳይረሳ፣ አንድ ሰው አስተምሩ። አንድ ሰው! ልጅ ቢሆን፣ የልጅ ሚስት ብትሆን፣ ጎረቤት ብትሆን። ከቻላችሁ ሁለት። አሳዩት፣ ከዚያ እያያችሁት እሱ ይሥራው። ስትደክሙ ሳይሆን አሁን፣ ስታስተካክሉት በምትችሉበት ጊዜ።

አንድ ወረቀትም ጻፉ። የስቶማው ዓይነት፣ ልኩ፣ የከረጢቱ ስምና ቁጥር፣ የሚልክላችሁ ድርጅት ስልክ። እኔ ወረቀቴ ላይ በትልቁ «ፊንጢጣ የለኝም» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በዚያ በኩል ሙቀት ሊለኩ ወይም መድኃኒት ሊያስገቡ የሚመጡ አሉና። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

ስለ ወጪውም ቶሎ ልበል። የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በፓርት ቢ ክፍሉ ከረጢቱን ይሸፍናል፤ የዓመቱን መነሻ ክፍያ ከኪሳችሁ ከከፈላችሁ በኋላ 80 በመቶውን። ሐኪም ማዘዝ አለበት። ኤጀንሲ ነርስ እየላከ ቤት ውስጥ የሚያክማችሁ ከሆነ ግን በዚያ ጊዜ ከረጢቱን ማቅረብ የኤጀንሲው ነው፤ ሁለቱ ሲምታቱ ሰው ያለ ከረጢት ይቀራል። ነርሷ የመጣች ቀን ጠይቋት። አገር ቤት ለዘመድ የምትልኩም አላችሁ። ደሴ ያለችው የአክስቴ ልጅ ፌስታል በጨርቅ አስራ ትኖር ነበር። አሁን ሰው በሄደ ቁጥር እልክላታለሁ። ስትልኩ ቀኑን እዩ፤ ያለፈበት ማጣበቂያ አይዝም። በበጋ መኪና ውስጥ አታቆዩት፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው የምታስታምሙ ልጆች፣ ከረጢቱን ቢቀድድባችሁ አትቆጡ። የሚያሳክክ ነገር እንዳለ መጀመሪያ እዩ። ረዘም ያለ ሸሚዝ አልብሱት፤ የማያሳይ ከረጢት ምረጡ፤ ለእጁ የሚይዘው ነገር ስጡት። ሰው ወደ መጨረሻው ሲደርስና ምግብ ሲተው ደግሞ የሚወርደውም ይቀንሳል። ያኔ ቶሎ ቶሎ መቀየር አያስፈልግም። ቆዳው እንዳይቃጠል ብቻ ጠብቁ።

ይህ የሚለጠፍ ከረጢት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ኤሊሴ ሶረንሰን የምትባል የዴንማርክ ነርስ ነበረች። እህቷ ቶራ ስቶማ ተሠራላት። ይሾልክብኛል ብላ ሰው ፊት መውጣት ፈራች። ኤሊሴ ስለ እህቷ ስታስብ ነው ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ከረጢት ሐሳብ የመጣላት። አስቡት፤ ቶራ ለእህቷ ደብቃ ቢሆን ኖሮስ?

እኔ ሴት ልጅ የለኝም። ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ወንድ ልጅ የእናቱን ሆድ ገልጦ እንዴት ያያል? ይህ ነው ስንት ዓመት የያዘኝ። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ጠራሁት። «ና፣ የማሳይህ ነገር አለ» አልኩት። ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ እጁን ታጠበ። ተመልሶ እንደገና ታጠበ። ሦስት ጊዜ። ጠረጴዛው ላይ የደረደርኩትን አንድ በአንድ አየ። አሮጌውን ሲያላቅቅ ጣቱ ይንቀጠቀጣል። «እማዬ፣ ያማል?» አለኝ። «ስቶማ አያምም፤ ቆዳውን ያዝልኝ» አልኩት። ያዘልኝ። አጠበ፣ አደረቀ፣ ለጠፈ። «አሁን መዳፍህን አሳርፍ፤ አንድ ደቂቃ» አልኩት። መዳፉ ይሞቃል። ዓይኑን ጨፍኖ በዝግታ መቁጠር ጀመረ። እዚህ የተወለደ ነውና በእንግሊዝኛ ነው የሚቆጥረው። ስልሳ ሲደርስ እጁን አላነሳም።

በሩ ጋ ያለውን ጠረጴዛ አያችሁት? ከረጢቶቹን፣ ቀለበቱን፣ መስታወቱን ሁሉ ይዤ መጥቻለሁ። ልጄም እዚያው ቆሟል። ቡናው እስኪፈላ ኑ፤ በእጃችሁ ንኩት፣ ክፈቱት፣ ዝጉት። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።